ደሴ ፒያሳ የገዛኋት የዩኤስቢ ራዲዮ መቀበያ፦ ከሩቅ ጋላክሲ ሚመጣውን ፍንዳታ ትይዛለች ወይ?

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም፣ አትይዝም። ግን ግዟት። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻታለሁ። ለምን እንደሆነ ረዘም አርጌ ነው ምፅፈው፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼም የሰፈር ልጆችም ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼም ስለዚች እቃ ይጠይቁኛል፣ ሁሉም ሚጠይቁኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፣ ያ ፈጣን የራዲዮ ፍንዳታ ሚባለውን፣ ኤፍአርቢ ሚሉትን፣ ከሩቅ ጋላክሲ መጥቶ በሚሊሰከንድ ብልጭ ብሎ ሚጠፋውን የራዲዮ ሞገድ፣ ታሰማለች ወይ ነው። ጥያቄው ደስ ይለኛል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ደሴ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ሌላ ጋላክሲ ሚጠይቅ ልጅ ሳገኝ ቀኔ ነው ሚበራልኝ፣ ስለዚህ በደንብ ልመልሰው።

በመጀመሪያ እቃዋ። ከፍላሽ ትንሽ ወፈር ትላለች፣ ላፕቶፕ ላይ ትሰካላችሁ፣ በሌላው ጫፏ የአንቴና ገመድ ታስራላችሁ፣ ሶፍትዌሩን ስትከፍቱት ከ24 ሜጋኸርዝ እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ሁሉ በእጃችሁ ነው፣ ኤፍኤም በሉት፣ አውሮፕላን በሉት፣ ሳተላይት በሉት። ውስጧ ያለው ቺፕ ለዲጂታል ቲቪ የተሰራ ነው፣ ኋላ ላይ ሰዎች ጥሬ ሲግናሉን ሳይነካ አውጥቶ ለኮምፒውተር እንደሚሰጥ ሲደርሱበት ነው እቃዋ በዓለም ዙሪያ የራዲዮ ወዳጅ ሁሉ እጅ የገባችው። የቤት ራዲዮ አንድ ጣቢያ ብቻ ያሰማችኋል፣ ይቺ ግን በአንድ ጊዜ 2.4 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ቁራጭ ትይዝና ስክሪን ላይ ትስለዋለች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ፍሪኩዌንሲው፣ ከላይ ወደ ታች ሰዓቱ፣ ሲግናል በበረታበት ቦታ ቀለሙ ይደምቃል። ዋተርፎል ይሉታል ይሄን ስዕል። ያዙልኝ፣ ስለ ጋላክሲዎቹ ሳወራ እዚሁ ስዕል ላይ ነው ምንመለሰው።

የገዛሁት ፒያሳ ካሉት ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ባንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ባለሱቁ በሌላው ሁሉ ጥሩ ሰው ነው፣ ካርቶኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ ላፕቶፔን ይዤ ስለሄድኩ እዛው ሰክቼ እንድሞክራት ፈቀደልኝ፣ ሻይም አዘዘልኝ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። "ወንድሜ ይሄ እኮ ከሌላ ጋላክሲ ሚመጣ ድምፅ ይይዛል፣ ወላሂ ቪዲዮውን አይቸዋለሁ" እያለ ነው ሚሸጠው። አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ያጠራቀማትን ብር ይዞ መጥቶ ይሄን አምኖ ቢገዛ ትንሽ ሞካክሮ ተስፋ ይቆርጥና መሳቢያ ውስጥ ነው ሚወረውራት። ያ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እውነቱን ነግሮ ቢሸጥለት ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሚማርባት እቃ ናት። ዋጋዋን በቁጥር አልፅፍም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ብቻ ከደህና ጫማ ዋጋ ብዙም አትርቅም፣ መከራከርም ይቻላል።

ካርቶኑ ውስጥ ዶንግሏ፣ መቀበያዋ ራሷ ማለቴ ነው፣ አለች፣ ሚሳብ አንቴና አጭርም ረጅምም በጥንድ በጥንድ አለ፣ ማቆሚያ እግር አለው፣ መስታወት ላይ ሚለጠፍ ጎማ አለው፣ ሶስት ሜትር ገደማ ገመድ አለ። መመሪያ ወረቀት ግን የለም። ይሄ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ላይ ገና ስትሰኳት ኮምፒውተሩ የቲቪ መቀበያ ናት ብሎ የራሱን ድራይቨር፣ ማለትም እቃዋን ከኮምፒውተሩ ሚያግባባ ፕሮግራም፣ ይጭንባታል፣ ያንን በሌላ ድራይቨር ካልቀየራችሁት ሶፍትዌሩ ጨርሶ አያያትም። ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ሁሉንም ቀድማችሁ አውርዳችሁ ጠብቁ። ስልክ ላይም ዩኤስቢ እቃ ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ ትሰራለች ግን ባትሪ ትጨርሳለች።

ሌላው ጉድለቷ ሙቀት ነው። ትንሽ ስትቆይ እጅ ላይ ታቃጥላለች ማለት ይቻላል፣ ስትሞቅ ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ከቦታው ይንሸራተታል፣ ኤፍኤም ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም፣ ጠባብ ሲግናል ለሚፈልግ ግን ያበሳጫል። ፕላስቲክ ገላ ያላትን አትግዙ፣ አልሙኒየም ገላ ያላትና ፍሪኩዌንሲውን ሚጠብቅ የተረጋጋ ክሪስታል ያላት ትሻላለች፣ ያቺ ብዙም አትንሸራተትም። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ሙቀትና ለሻጩ ማስታወቂያ ነው።

ደሴ ላይ ምን ይያዛል? ከተማችን ጦሳ ተራራ ስር ስለሆነች በምዕራብ በኩል ሰማዩ ይዘጋል፣ ቀጥታ መተያየት ሚፈልግ ሲግናል ከዛ በኩል አይመጣም። በሌላው አቅጣጫ ግን አንቴናውን ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ካወጣችሁት ጥሩ ነው። በ1090 ሜጋኸርዝ ከላያችን ሚያልፉ አውሮፕላኖች ቁመታቸውንና ፍጥነታቸውን እየተናገሩ ያልፋሉ፣ ካርታ ላይ ታዩዋቸዋላችሁ። በ137 ሜጋኸርዝ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ስዕል ይወርዳል፣ የአሜሪካኖቹ ኖኣ ሳተላይቶች 2025 ላይ ስራ አቁመዋል (እዚህ ምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሩሲያዎቹ ሜቲዮር ግን አሁንም ይልካሉ፣ አንቴናውን ሁለቱንም ክንድ 53 ሳንቲ ሜትር ስባችሁ 120 ዲግሪ ከፍታችሁ አግድም ካስተኛችሁት ይበቃል። አፋርና ቀይ ባህር ስክሪናችሁ ላይ መስመር በመስመር ሲሳል ማየት፣ በራሳችሁ ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ሽቦ፣ እኔ እስካሁን አልጠገብኩትም።

አሁን ወደ ዋናው። ይቺ እቃ መጀመሪያ ምታስተምረው ስለ ህዋ አይደለም፣ ስለ ጫጫታ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ስትከፍቷት ዋተርፎሉ በቀጭን በቀጭን መስመር ተሞልቷል፣ ከውጭ ሚመጣ ይመስላችኋል፣ የስልክ ቻርጀሩን ከሶኬት ስትነቅሉ ግማሹ መስመር እልም ይላል። የኤልኢዲ አምፖሉን ስታጠፉ ሌላው ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እዩልኝ፣ ላፕቶፑ በባትሪ እየሰራ ሳለ ሰፈሩ በሙሉ ጭልም ሲል የስክሪኑ መደብ በሙሉ ዝቅ ይላል፣ ከታች ተደብቀው የነበሩ ደካማ ሲግናሎች ብቅ ብቅ ይላሉ። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ሁሉም ይቆጣል፣ እኔ ጣሪያ ላይ ነው ምወጣው።

ይሄ ጫጫታ ነገር በኤፍአርቢ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አውስትራሊያ ፓርክስ ሚባል ባለ 64 ሜትር ዲሽ የራዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። 2007 ላይ ዱንካን ሎሪመርና ባልደረቦቹ እዛ በ2001 የተቀዳ ዳታ ውስጥ ከ5 ሚሊሰከንድ ያነሰች አንዲት ብርቱ ፍንዳታ አገኘን ብለው አሳተሙ፣ ዳታው ውስጥ መጀመሪያ ያያት ዴቪድ ናርኬቪች ሚባል ተማሪ ነው። አመታት አለፉ፣ ሁለተኛ አልተገኘም። ባጋጣሚ ደግሞ እዛው ፓርክስ ላይ ይቺን ሚመስሉ ሌሎች ሲግናሎች ነበሩ፣ ፔሪቶን ሚባሉ፣ ቀን ቀን፣ ሰው በስራ ላይ ባለበት ሰዓት ሚመጡ፣ ስለዚህ ብዙ ሰው የሎሪመርንም ተጠራጠረ። 2015 ላይ ኤሚሊ ፔትሮፍ ያኔ ተማሪ ሆና ከነባልደረቦቿ ምንጩን አገኙት፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ነው! ሰው ምግቡን እያሞቀ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩን ከፈት ሲያረግ ምድጃው እስኪጠፋ ባለችው ቅፅበት ሞገድ ያመልጣል፣ ዲሹ በዛ አቅጣጫ ከዞረ ይይዘዋል። ቻርጀር ነቅሎ መስመሩ ሲጠፋ ያየ ተማሪ ይሄን ታሪክ ስነግረው ወዲያው ነው ሚገባው፣ መፅሐፍ ላይ ብቻ ላነበበው ግን ተረት ነው ሚመስለው።

የሎሪመር ፍንዳታ ግን ከማይክሮዌቩ ተለይታ ተረፈች። 2013 ላይ ከዛው ከፓርክስ ሌሎች አራት ተጨመሩ፣ ከዛ በኋላ ጎርፍ ነው የሆነው። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ቻይም ሚባል ቴሌስኮፕ አለ፣ አይዞርም፣ አይንቀሳቀስም፣ እያንዳንዳቸው 100 ሜትር በ20 ሜትር የሆኑ አራት ግማሽ ቧንቧ የመሰሉ አንፀባራቂዎች መሬት ላይ ተኝተዋል፣ ሰማዩ ራሱ ነው ከላያቸው ሚያልፈው፣ 2021 ላይ በአንድ ጊዜ 536 ፍንዳታ የያዘ ካታሎግ አወጣ። ከዛ ተነስተው ሲያሰሉት ደመቅ ያሉት ብቻ በመላው ሰማይ በቀን በመቶዎች ይቆጠራሉ። ይሄን ስታነቡ እንኳ የሆነ ቦታ አንዷ ሳትፈነዳ አልቀረችም። አፍሪካ ውስጥም ደቡብ አፍሪካ ያለው ሚርካት፣ 64 ዲሽ ያለው፣ ይይዛቸዋል። እኛ አገር እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የብርሃን እንጂ የራዲዮ አይደሉም፣ ይሄንንም ሚጠይቁኝ ስላሉ ነው።

ከሩቅ መምጣታቸው በምን ታወቀ? እዚህ ጋ ነው ዋተርፎሉ። በህዋ ውስጥ በነፃ ሚንሳፈፉ ኤሌክትሮኖች አሉ፣ የራዲዮ ሞገድ በነሱ መሃል ሲያልፍ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ከከፍተኛው የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ላይ የተነሳ ፍንዳታ እኛ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከፍተኛው፣ ቀጥሎ መሃከለኛው፣ መጨረሻ ዝቅተኛው እያለ ይመጣል፣ ዋተርፎሉ ላይ ቁልቁል ሚታጠፍ ቀጭን መስመር ይሰራል። የሎሪመሯ በፓርክስ ባንድ ውስጥ ብቻ ከላይ እስከ ታች ሲሶ ሰከንድ ያህል ተጎትታ ነበር፣ ያንኑ መጠን በቻይም ባንድ፣ ከ800 እስከ 400 ሜጋኸርዝ ብታሰሉት 7 ሰከንድ ያልፋል፣ በዛ አቅጣጫ የኛ ጋላክሲ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ያንን ያህል ሊያዘገዩ አይችሉም፣ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከጋላክሲያችን ውጭ ናት ማለት ነው። ተማሪዎቼ ዋተርፎል ማንበብ በዶንግሏ ከለመዱ በኋላ የቻይምን ስዕሎች ሳሳያቸው ምንም ማብራራት አላስፈለገኝም፣ አንዷ ልጅ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አርጋ "ቲቸር፣ ይሄ ከዛኛው ይርቃል፣ የበለጠ ተጎትቷላ" አለችኝ። ልክ ናት፣ በጥቅሉ እንደዛ ነው።

እኛዋ ግን ያንን መታጠፍ አታሳይም። 2.4 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው ምታየው፣ በ1420 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሎሪመሯ አይነት ፍንዳታ በዛች ስፋት ውስጥ ሚጎተተው 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከዛ በላይ ደግሞ ጉልበቱ። ከሩቅ ጋላክሲ ሚመጡት እኛ ጋ ሲደርሱ እጅግ ደካሞች ናቸው፣ በትልልቅ ዲሽ ወይም እንደ ቻይም ሰፊ በሆነ መሳሪያ ነው ሚያዙት፣ በሚሳብ አንቴና በፍፁም። ባለሱቁ ይሄን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

አሁን ማብራሪያዎቹ፣ ማለትም ምንድነው ሚፈነዳው። ከጊዜው ጀምሩ። በ1 ሚሊሰከንድ ብርሃን 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ሚሄደው፣ በመኪናው መንገድ ከደሴ ቢነሳ ደብረ ብርሃንን ትንሽ እንዳለፈ ሚሊሰከንዱ ያልቃል፣ አዲስ አበባ አይገባም። በዛች ቅፅበት ብልጭ ብሎ ሚጠፋ ነገር በተለመደው ስሌት ከዛ ስፋት ሊበልጥ አይችልም፣ ቢበልጥ የወዲያኛው ጫፍ ሞገድ ዘግይቶ እየደረሰ ብልጭታውን ያስረዝመው ነበር። ፀሐያችን በዲያሜትር 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ናት፣ ስለዚህ ተራ ኮከብ ከጨዋታ ውጭ ነው። ሚቀረው እጅግ ትንሽና እጅግ ጉልበተኛ ነገር ነው፣ ኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ትልቅ ኮከብ ሲሞት ሚቀረው እጅግ የታመቀ አስኳል፣ ወይም ጥቁር ጉድጓድ አካባቢ። ጉልበቱን ለመረዳት 2023 ላይ ይፋ የሆነችውን ውሰዱ፣ ሞገዷ 8 ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ ነው የደረሰው፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፀሐይ በ30 ዓመት ምታወጣውን ያህል ጉልበት ነው የለቀቀችው።

መጀመሪያ ላይ የሀሳቡ ብዛት ጉድ ነበር፣ የሆነ ሰሞን ከታዩት ፍንዳታዎች ይልቅ የቀረቡት መላምቶች ይበዙ ነበር። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው ነው ያለ አለ፣ ከባድ ኒውትሮን ኮከብ ወደ ጥቁር ጉድጓድ ሲወድቅ ነው ያለ አለ፣ የጠፈር ገመዶች ሚባሉ ከዓለም መጀመሪያ የተረፉ ነገሮች ናቸው ያለም አለ። 2016 ላይ ግን ፖርቶ ሪኮ የነበረው ትልቁ አሬሲቦ ቴሌስኮፕ የያዛት አንዲት ፍንዳታ ከዛው ቦታ ደጋግማ እንደምትፈነዳ ታወቀ፣ 2017 ላይ ደግሞ ቦታዋ በትክክል ተለየ፣ 3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ ያለች ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ። ተጋጭቶ ያለቀ ነገር ሁለተኛ አይፈነዳም። ስለዚህ ቢያንስ ለደጋጋሚዎቹ ምንጩ ከፍንዳታው በኋላም ሚኖር ነገር መሆን አለበት። ሌላዋ ደግሞ በ16.35 ቀን ዑደት ነው ምትመጣው፣ አራት ቀን ገደማ ትፈነዳና ዝም ትላለች፣ ይሄ ምንጩ ሌላ ኮከብ እየዞረ ነው ወይ ራሱ እየተንገዳገደ ነው ሚሽከረከረው ሚል ክርክር አስነስቷል።

እኔ ማግኔታር ሚለው ወገን ነኝ፣ ግን ለሁሉም አይደለም። ማግኔታር ማለት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ የመግነጢስ መስኩ 100 ትሪሊዮን ጋውስና (ጋውስ የመስኩ ብርታት መለኪያ ነው) ከዛ በላይ የሆነ ነው፣ የመሬት ግማሽ ጋውስ አካባቢ ነው። መስኩ ሲጠማዘዝ የኮከቡ ቅርፊት ይሰነጠቃል፣ ጉልበቱ ይለቀቃል።

ማስረጃው የመጣው 2020 ኤፕሪል 28 ነው። እዚሁ የኛ ጋላክሲ ውስጥ 30,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ያለ ኤስጂአር 1935 ሚባል ማግኔታር የራዲዮ ፍንዳታ ለቀቀ፣ ቻይም በእይታው ጠርዝ ያዘው፣ በዛው ቅፅበት የቻይና፣ የአውሮፓና የሩሲያ የህዋ መሳሪያዎች ከዛው ኮከብ ኤክስሬይ ያዙ። ሌላው የያዘው ማን መሰላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ስቴር2 ሚባል ክሪስ ቦቼኔክ ሚባል የካልቴክ ተማሪ ከነባልደረቦቹ የሰራው መሳሪያ ነው፣ አንቴናው አንድ የብረት ቧንቧ ቁራጭና ዙሪያው ያሉ ሁለት የኬክ መጋገሪያ ናቸው! ዲሽ የለ፣ ሚዞር ሞተር የለ። ሶስት ጣቢያ ላይ አራርቀው ተከሉት፣ ሶስቱም በአንድ ጊዜ ካላዩት የሰፈር ጫጫታ ነው ተብሎ ይጣላል። ፍንዳታው 1.5 ሚሊዮን ጃንስኪ ሚሊሰከንድ ነበር የለካው፣ ይሄ የራዲዮ ፍንዳታ ብርታት መለኪያ ነው፣ ከሩቅ ሚመጡት ግን አብዛኞቹ ጥቂት ጃንስኪ ሚሊሰከንድ ናቸው። ይሄ ነው ተማሪ ሊሰማው ሚገባ ነገር። ከሩቅ ጋላክሲ ሚመጣውን በትንሽ አንቴና አትይዙም፣ የራሳችን ጋላክሲ ማግኔታር ሲፈነዳ ግን ከቧንቧና ከመጋገሪያ በተሰራ አንቴና ታሪክ ተሰርቷል። እርግጥ ከአንቴናው ኋላ የነበረው መቀበያ ከዶንግላችን በጣም ይሰፋል፣ ጥሩ ማጉያም አለው፣ ሀሳቡ ግን እኛ ጣሪያ ላይ ከምናረገው ጋር አንድ ነው።

ማግኔታር ነው ብሎ መዝጋት ግን አይቻልም። አንደኛ ያው ማግኔታር ብዙ ጊዜ ኤክስሬይ ሲለቅ ራዲዮ የለውም፣ ቻይና ያለው ትልቁ ፋስት ቴሌስኮፕ እያየው 29 ጊዜ ሲፈነዳ አንድም የራዲዮ ብልጭታ አልታየም። ሁለተኛ ቦታው። ማግኔታር ወጣት ኮከብ ነው፣ ትልልቅ ኮከቦች ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ ነው ሚኖረው ተብሎ ነው ሚጠበቀው። ነገር ግን አንዷ ደጋጋሚ ኤም81 ሚባለው፣ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ያለው ጋላክሲ አጠገብ ካለ የድሮ ኮከቦች ክምችት ውስጥ ነው የተገኘችው፣ እዛ ወጣት ኮከብ የለም። 2025 ላይ ደግሞ ይፋ የሆነችው ሌላዋ 11.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ ኮከብ መውለድ ያቆመ ጋላክሲ ዳርቻ ላይ ነች፣ ከመሃሉ 130,000 የብርሃን ዓመት ርቃ። እዚህ ላይ ሚቀርበው ማብራሪያ ሁለት የድሮ ኮከቦች፣ ነጭ ድንክ ሚባሉት (እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲሞት ሚቀሩት) ወይም ኒውትሮን ኮከቦች፣ ተዋህደው ዘግይቶ የተወለደ ማግኔታር ሰርተዋል ሚል ነው። ይቻላል። ለኔ ግን ከአንድ በላይ አይነት ምንጭ አለ ሚለው ነው ሚያሳምነኝ፣ እስካሁን ደግመው ያልታዩት ብዙዎቹ ናቸውና።

ሌላው ጠብ ፍንዳታው ኮከቡ ጋ ተጠግቶ ነው ሚነሳው ወይስ የተወረወረው ነገር ርቆ ሄዶ ሲጋጭ ነው ሚለው ነው። 2025 ላይ የወጣ ጥናት 200 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ያለች አንዲት ፍንዳታ ብርሃኗ ሚርገበገብበትን ሁኔታ ለክቶ ምንጩ ከኮከቡ ቢበዛ 10,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው አለ። ያን ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር ያን ያህል ጠቦ መለካቱ ራሱ ይገርማል። ለዛች ፍንዳታ ቅርብ ሚሉት አሸነፉ፣ ለሌሎቹ ገና ነው።

ኤሊየን ነው ወይ ሚለው ሁሌም ይመጣል፣ "ቲቸር ሰው መሰል ፍጡር ቢሆንስ" ይሉኛል። ጥያቄውን አልንቀውም፣ በሳይንስ መፅሔትም የታተመ ሀሳብ ነው። ግን ፍንዳታዎቹ ከሰማይ ሁሉ አቅጣጫ፣ በቢሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚራራቁ ጋላክሲዎች ነው ሚመጡት፣ እነዚህ ሁሉ ተነጋግረው አንድ አይነት ነገር ይልካሉ ማለት ያስቸግራል፣ ተፈጥሮ ግን አንድ አይነት ኮከብ በየቦታው ትሰራለች። ይሄን መልስ ከማን ሰማችሁ ሲባሉ "ቲቸር" እንዳይሉ፣ ዳታውን ራሳቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ፣ የቻይም ካታሎግ በነፃ ይወርዳል።

ምንጩ ሳይታወቅም ጥቅም ሰጥተዋል፣ እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። መዘግየቱ በመንገድ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ስለሚናገር 2020 ላይ ዣን ፒየር ማካርና ባልደረቦቹ ጥቂት ፍንዳታዎችን ተጠቅመው ለአመታት የት እንዳለ ያልተገኘውን የተራ ቁስ ድርሻ በጋላክሲዎች መሃል ተበትኖ አገኙት።

እና ስትገዙ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ኤፍኤም ጣቢያ ከፍታችሁ ፍሪኩዌንሲው ቦታው ላይ መሆኑን እዩ፣ ትንሽ አቆይታችሁ ስትሞቅ ደግማችሁ እዩ። አልሙኒየም ገላ ያላትን ጠይቁ። ዩኤስቢ ማራዘሚያ ጨምሩ፣ ከላፕቶፑ ራቅ ስትል ጫጫታው ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ፋብሪካዎቹ አካባቢ ከሆናችሁ ጫጫታው ይበረታባችኋል፣ ወጣ ብላችሁ ሞክሩ። ኃይድሮጅን በ1420 ሜጋኸርዝ ሚለቀውን ሞገድ መያዝ ሚፈልግ ደግሞ ዲሽ፣ ማጉያና ማጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ያረጀ የቲቪ ዲሽ አትጣሉ፣ እኔም እየሰበሰብኩ ነው። ክረምት ላይ ግን ደመናው ሲጠቁር የጣሪያውን ገመድ ከዶንግሏ ንቀሉት፣ የኛ አገር መብረቅ ላፕቶፑንም ይዞ ነው ሚሄደው።